ከሻለቃ ሳህን

ዛሬ ጠዋት ቁልፍ ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የመጋዘኑን ቁልፍ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ኪሴን ብዳስስ የለም፤ ዘልዬ ወረድኩ፣ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ "ማነው?" የሚል የለም። ውሻሽ ሻለቃ እንኳ አልጮኸም። ሌባ ብሆን ቤቱን ከነጣሪያው ተሸክሜ በወጣሁ ነበር። ወጥ ቤት ብገባ እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ ሳህን፣ እጇ ላይ ማንኪያ። ሻለቃ እግሯ ሥር ሆኖ የራሱን ሳህን ይልሳል። ጎንበስ ብዬ የሱን አየሁ፣ ቀና ብዬ የሷን አየሁ። አንድ ነው። ጉበቱ፣ ዱባው፣ ካሮቱ፤ አንቺ ያዘዝሽው፣ እኔ ቅዳሜ በእጄ ከትፌ በእጄ ያሸግኩት የሻለቃ ምግብ። እናታችን የውሻ ምግብ ስትበላ ደረስኩባት።

ይኸው ሰላም እንኳ ሳልልሽ ገባሁበት። በንዴት የተጀመረ ደብዳቤ እንዲህ ነው። ወደ ኋላ ልመለስና እንደ ወጉ ልበል። እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ነገር ለቀቀሽ? ብርዱስ? ካልሲ ትደርቢያለሽ? እንቅልፍሽስ? አሠሪሽ ሴትዮ ጠባይዋ ተሻለ? የምትጠብቂያቸው ውሾችስ ደህና ናቸው? እነሱን ሳልጠይቅ ባልፍ ትቀየሚኛለሽ። እኛ ሁላችንም አለን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እኔም ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው፣ ተቃጥሏል። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሆነችና መጮኼ ስለማይቀር ነው። ይሄን የምጽፈው መጋዘን ውስጥ፣ ቀለሙ ከተደረደረበት አጠገብ ባለችው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማታ ትልቋ ልጄ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሃል ላይ ትተሽ እንዳትደውዪ።

አንቺ ስትሄጂ ሻለቃን "ውሻ ነው፣ የተገኘውን ይበላል" ብለሽ ነው ለእኛ የተውሽው። እውነትሽን ነበር፤ የተገኘውን በላ፣ ጠገበ፣ ጮኸ፣ ተኛ። ከዚያ ውሾች በአደራ የሚያድሩበት ቤት ሥራ ስትገቢ አነጋገርሽ ሁሉ ተለወጠ። ትራፊ አይሆነውም፣ ጨው ይጎዳዋል፣ ሽንኩርት ደሙን ያበላሽበታል፣ ውሻ ሲፈጠር ለጥሬ ነው የተፈጠረው አልሽ። እሺ አልኩ። ከነሱ ጋር የምትውለው አንቺ ነሽ፣ አውቃ ነው አልኩ። ያልሽውን አንድ በአንድ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። የተፈጨ ሥጋ፣ ልብ፣ ከሁሉ ያነሰ ጉበት፣ ጥሬ እንቁላል ቅርፊቱ ተወቅጦ፣ የተፋቀ ካሮት፣ ዱባ። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ እሳት የለ። ከሥሩ ደግሞ የራሴን ጨመርኩበት፤ መክተፊያው ለብቻ፣ ቢላው ለብቻ፣ እጅ በሳሙና፣ ልጆች እንዳይነኩ። ታውቂኛለሽ፣ ነገር ሳልዘረዝር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዲህ ሽርጥ ታጥቄ ለሻለቃ እከትፋለሁ። ባለቤቴ በር ላይ ትቆምና "ከተጋባን ጀምሮ ለእኔ አንዲት ካሮት ፍቀህ ታውቃለህ?" ትለኛለች። ልጆቹ ይንከተከታሉ። ሥጋ ሻጩ ደግሞ ከሩቅ ሲያየኝ "የሻለቃ አጃቢ መጣ፣ ልቡን አውጡለት!" ብሎ ይጮሃል፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ የጦር መኮንን ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ይመስለዋል። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ ይሄ ሻለቃ የሚያሳድገው ሰው አይፈልግም? እኔ አለሁ፣ ጩኸትም እችላለሁ" አለኝ። ስቄ አለፍኩ። ያኔ ሳቅ ነበረኝ።

በየቀኑ የሚሆነውን በባለ ክዳን ዕቃ አድርገን ፍሪዘር ውስጥ እንደረድራለን። ጠዋት ሁላችንም እንወጣለን፤ እኔ ወደ መጋዘን፣ ባለቤቴ ወደ ልብስ ስፌቱ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት። ስለዚህ አውጥታ የምትሰጠው እማዬ ናት። ከመጀመሪያውም አልተዋጠላትም። "ጥሬ የለመደ ውሻ ነገ የፖስተኛው ቁርጭምጭሚት ያምረዋል" አለች። "ልጅሽ ናት ያዘዘችው" ስላት ግን "እሷ ካለች እሺ" ብላ ተወችው። ተወችው ብለን እኛም ተውነው።

አሁን ስለ እሁዱ ስልክ ልንገርሽ። አንጀቴ ያረረው በዚህ ነው። አንቺ የምትደውዪው ከሰዓት ነው አይደል? እማዬ ከጠዋት ጀምራ ትዘጋጃለች። ፊቷን ትታጠባለች፣ ያቺን አንቺ የላክሽላትን ሻሽ ታስራለች፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፤ "ብርሃን ላይ ካልሆንኩ አልታያትም" ትላለች። ስልኩ ሲጮህ ልብሷን ታስተካክላለች። አንቺ ታዲያ "እማዬ ደህና ነሽ? ጎሽ፣ በርቺልኝ" ትያለሽ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እና እሷ "ደህና ነኝ ልጄ" ብላ አፏን ሳትገጥም "ጋሼ፣ ስልኩን ወደ ታች አድርገው እስቲ፣ ሻለቃን ልየው" ትያለሽ። ወደ ታች አደርገዋለሁ። ጎኑን ታያለሽ፣ ጥርሱን ታያለሽ፣ ፀጉሩ ያብረቀርቃል ወይ ትያለሽ፣ ሰገራው ጠጠር ይላል ወይስ ለስለስ ይላል ትያለሽ። እኔ፣ የልጆች አባት፣ ጢሜ የሸበተ ሰው፣ ስለ ውሻ ሰገራ መልክ አብራራለሁ። እማዬ በሆድ ድርቀት ስትሰቃይ ከርማለች፤ አንድ ቀን የሷን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ስልኩ ወደ ታች ሲሆን ካንቺ በኩል ከእናትሽ የሚታይሽ የጫማዋ ጫፍ ነው። እሷ ግን እስክትዘጊ ድረስ ከላይ ሆና ፈገግ እንዳለች ትቆያለች። ለማን? ለጣሪያው።

ከዚያ ያ የመክሳት ጣጣ መጣ። "ሻለቃ ቀንሷል፣ የጎን አጥንቱ ታየኝ፣ ምን እየሰጣችሁት ነው?" አልሽኝ። ደነገጥኩ። አደራ ነው፤ የአደራ ነገር ያስፈራኛል። እዚህ መጋዘን ድረስ በገመድ ጎትቼ አምጥቼ በዕቃው ሚዛን ላይ አቆምኩት። ጭነት የሚያነሳው የፎርክሊፍቱ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና "አለቃ፣ ይሄ በየትኛው ደረሰኝ ነው የሚወጣው?" አለ። እውነትም ቀንሷል። ተመለስኩና መመርመር ጀመርኩ። በመጀመሪያ ወንዱ ልጄን ጠረጠርኩ፤ ለጓደኞቹ ውሻ ያካፍላል ብዬ። ማለልኝ፣ አለቀሰ። ቀጥሎ ባለቤቴን "ከሥጋው ለወጥ ቀነስ ታደርጊያለሽ እንዴ?" አልኳት። የመለሰችልኝን አልጽፈውም፣ ልጄ ስለምታነበው። በመጨረሻ ሥጋ ሻጩ ጋ ሄድኩና በሰው ፊት "ሚዛንህ ይበላል" አልኩት። ሰውዬው ቢላውን አስቀመጠ። "ወንድሜ፣ እዚህ ቦታ ስቆም ፀጉሬ ጥቁር ነበር። እስከ ዛሬ ሚዛንህ ይበላል ያለኝ ሰው የለም። ዛሬ በውሻ የተነሳ ሌባ ልባል?" አለኝ። እኔ ግን አፌን ሞልቼ "አዎ" ብዬ ወጣሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ፣ ልብ በይ፣ እማዬ ፊቷ ሞላ። ግፊቷን አይቶ ሐኪሙ ጨው ከከለከላት ጀምሮ ከኛ ጋር ስትቀርብ ሳህኑን ገፋ ታደርግና "ጠግቤያለሁ" ትል ነበር። ጥርሷም አያኝክላትም። ድስቱ አንድ ነው፣ የምንበላው ስድስት ነን፤ ባለቤቴ ለሷ ብላ ሥጋውን በውሃ አለቅልቃ ትሰጣታለች፣ እሷም የታጠበ ጨርቅ የምትበላ ይመስል ታላምጥና ትተወዋለች። ከስታ ነበር። በኋላ ግን ጉንጯ መለስ ሲል መድኃኒቱ ሠራላት ብለን አመሰገንን። እህቴ፣ የኔ እንጀራ ምንድነው? ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። አንድ ቆርቆሮ ቀለም ቢጎድል የት እንደገባ ሳላገኝ ቤቴ አልገባም። በገዛ ቤቴ አንዱ ሲከሳ ሌላዋ ስትወፍር እያየሁ ሁለቱን አላገናኘሁም!

ጠዋት እንግዲህ ጮህኩ። "እማዬ ምን እያደረግሽ ነው? የውሻ ምግብ እኮ ነው!" አልኩ። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? "ቀስ በል፣ ሲበላ ጩኸት አይወድም።" ማንኪያዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላት፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነው። "ጥሬውን ከፊቱ ማስቀመጥ ተናነቀኝ፣ እንደ አውሬ። ድስት ላይ ጣል አደረግኩት። ሲበስል ደግሞ ሳልቀምስ እንዴት ልስጠው?" አለች። ታስታውሺያለሽ አይደል? በእማዬ ቤት ያልተቀመሰ ምግብ ለማንም አይቀርብም፤ ለእንግዳ ቢሆን፣ ለለማኝ ቢሆን፣ "ያልቀመሱትን ለሌላ አይሰጡም" እያለች ነው ያሳደገችን። ለውሻም ይሠራል ብዬ አላሰብኩም። ቀመሰች። ጨው የለው፣ ለጥርሷ ለስላሳ፣ ሙቅ። "ሐኪሙ ብይ ያለኝ ይሄንኑ አይደል?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት መክፈል ሆነ፤ ግማሹ ለሷ፣ ግማሹ ለሱ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ከሱ ሌላ ማን አላት? "ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም" አለች።

ቢያንስ ለምን አልነገርሽንም፣ እኛ እኮ ለብቻ እንሠራልሽ ነበር አልኳት። ይሄኔ ነው የገደለችኝ። "ይሄን ልጄ ናት ያዘዘችው" አለች። "እዚያ ሩቅ ሆና ጉበቱ እንዳይበዛ፣ ካሮቱ እንዲፈጭ፣ ጨው እንዳይነካው ብላ አስባ። ለኔ እንዳሰበችልኝ አድርጌ እበላዋለሁ። ምን አለበት?"

ምን አለበት አለችኝ። አንቺ ንገሪያት ምን እንዳለበት፤ እኔ አቃተኝ።

ብቻ ፍርሃቴን ታውቂዋለሽ፤ ትል ይሁን፣ ጥሬ ነክቷት ይሁን፣ ቅርፊቱ አንጀቷን ቆርጧት ይሁን እያልኩ ልብሷን አስለብሼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚህ የጭነት መኪናው ተዘግቶ በነበረው በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ ዘሬን እየቆጠረ ይሰድበኛል፣ እኔ እዚያ ወረፋ ይዤ እበሳጫለሁ። ነርሷ ለካቻት፣ ደግማ ለካቻት። ግፊቷ ወርዷል። ክብደቷ ተስተካክሏል። ሆዷም ከተስተካከለ ሰንብቷል። ነርሷ ደስ ብሏት "እናቴ፣ ምን እየበሉ ነው?" አለቻት። እማዬ ዘረዘረች፤ የተፈጨ ሥጋ፣ ትንሽ ጉበት፣ ዱባ፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ያለ ጨው፣ በደንብ የበሰለ። ያቺ የፍሪጁ ወረቀት ናት፣ እሳቱ ሲቀር። ነርሷ "እንዴት ጥሩ ነው! ማነው እንዲህ የሚያስብልዎት?" አለች። እኔ ወለል ወለሉን አየሁ። እማዬ ግን ቀና ብላ "ልጄ ናት፣ ሩቅ አገር ያለችው። በየሳምንቱ እየደወለች ትቆጣጠራለች" አለች። ነርሷም "እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ" አለች። እማዬ "አሜን" አለች። ጮክ ብላ። ወረፋ ላይ ያሉት እናቶች ሁሉ ዘወር ብለው አዩዋት፤ ቀኑባት። እኔ ምላሴን ነክሼ ወጣሁ። እስካሁን ያመኛል።

እና እህቴ፣ ተቆጥቻለሁ። ምግቡ አይደለም ያስቆጣኝ፤ ምግቡ መልካም ሆነላት፣ ተመስገን። ውሻ መውደድሽም አይደለም። እኔም እወደዋለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ያስቆጣኝ እናትሽ ያንቺን ሐሳብ ለማግኘት ከውሻ ሳህን መካፈሏ ነው። ለሱ የተረፈሽ ጥያቄ ለሷ አጠረ? ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ አንቺ የማንን ጡት ጠብተሽ ነው ያደግሽው? ኃይለ ቃል ከሆነ ይሁን። "ጋሼስ የት ነበርክ?" እንደምትይኝ አውቃለሁ። እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። እኔም አለሁበት፣ ባለቤቴም አለችበት፣ የታጠበ ሥጋ ስናቀርብላት የነበርነው እኛ ነን። የኛን እኛ ተነጋግረን እንጨርሰዋለን። ዛሬ ግን ተራው ያንቺ ነው።

አሁን የምልሽን ስሚ። አንደኛ፣ ያቺ ልብስ ሰፊ ጓደኛሽ ቅዳሜ መጥታ ሻለቃን እንድትወስድ ነግረሻታል፣ በደንብ አልያዛችሁትም ብለሽ። እንዳትመጣ። ብትመጣ በሩን አልከፍትላትም፣ ከዚያ ልቀየምሽ ነው። እማዬ ይሄን ወሬ ሰምታለች፤ ጠዋት ሳህኑን ስትከፍል ለሱ አብዝታ ነበር። ለራሷ ማንኪያ የማይሞላ ነው ያስቀረችው። "ትንሽ ሞላ ካለ አትወስደውም" አለችኝ። ይሄን ስትሰሚ ካላለቀስሽ እኔ እንጃ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ሁለት ድስት ነው። መጀመሪያ የሚከተፈው የእማዬ ነው፣ ቀጥሎ የሻለቃ። እሱ ጥሬ ይብላ ወይ በስሎ ይብላ፣ ከሷ ጋር ተከራከሪ፤ እኔ በሁለታችሁ መሃል አልገባም፣ ራሴን አውቃለሁ። ሦስተኛው ካሳው ነው፤ ለሥጋ ሻጩ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ፣ ያውም በሰው ፊት፣ ምክንያቱም በሰው ፊት ነው የሰደብኩት። እሱስ ዕዳው ገብስ ነው፣ ትንሽ ይስቅብኛል፣ ያልፋል። ለልጄ ማታ ጫማውን እጠርግለታለሁ፤ ይገባዋል።

አራተኛው ያንቺ ነው። እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ወደ ታች አላደርገውም። ብትለምኚኝም፣ ብታለቅሺም አላደርገውም። ፊት ለፊቷ አስደግፌው ወደ ግቢ እወጣለሁ፣ ሻለቃንም ይዤው ነው የምወጣው። አንቺና እሷ ብቻ ናችሁ። እንዴት አደርሽ በያት። ምን በላሽ በያት። ጥርስሽስ በያት። ለውሻው የምትጠይቂውን ሁሉ ለሷ ጠይቂያት፤ አትሳቂ፣ የሆዷንም ጭምር። የሳህኑን ነገር ከኔ እንደሰማሽ እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች። እንዲያው ከራስሽ የመጣ አስመስለሽ "እማዬ፣ ጉበት እንዳታበዢ፣ ካሮቱን አስፈጭተሽ ብዪ" በያት። ያኔ ለነርሷ የተናገረችው ነገር ውሸት መሆኑ ይቀራል።

በይ እንግዲህ። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ እሷም ተናዳለች፣ ግን በኔ ነው። ትልቋ ልጄ ይሄን ፎቶ ስታነሳ አንብባ ስለምትጨርስ የራሷን ሰላምታ ራሷ ትጨምር። ወንዱ "አክስቴን ሳምልኝ፣ ሌባው እኔ አልነበርኩም በልልኝ" ማለቱ አይቀርም፣ ማታ ሲሰማ። ትንሿ ጥርሷ ወልቆ ሲነጋ ሲመሽ ፉጨት ሆናለች፤ ለሰላምታሽም ታፏጫለች። እማዬ ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፣ ግን ሁልጊዜ የምትለውን አውቃለሁ፤ "ብርድ እንዳይመታት በላት" ነው የምትለው። ሻለቃ ሰላም አይልሽም፣ ከሷ አልጋ ሥር ተኝቶ ይሆናል አሁን። ያንቺ ጓደኞች፣ አሠሪሽ ሴትዮም ጭምር፣ በኔ ስም ሰላም ይባሉልኝ። ተቆጥቼም ቢሆን ወንድምሽ ነኝ።

ከመጋዘኑ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን።

ለሻለቃ የላክሽው ገንዘብ ለሥጋውም፣ ለጉበቱም፣ ለእንቁላሉም በቅቷል። የጤና ጣቢያውን እኔ ከፍያለሁ። የሥጋ ሻጩን ይቅርታ ዛሬ ስመለስ እከፍላለሁ። የእማዬ አልተከፈለም።